በ5 ሊትር ሳጥን ጥሩ ቤዝ የሚሰጥ ስፒከር እንዴት ይሠራል? ደረጃ በደረጃ

ትንሽ ስፒከር በገዛ እጃቸው የሠሩ ሰዎች አቤቱታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ድምፁ ጥርት ይላል፣ ቤዝ ግን የለውም»፤ አለዚያም «ቤዙ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጮኻል»። ሳጥኑን አስመጥቼ ሳየው ጥፋቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ እንጨቱ የተቆረጠው ስፒከሩ ሳይለካ ነው፤ ወይ ደግሞ የአየር ቱቦው፣ ማለትም ሳጥኑ የሚተነፍስበትና ቤዙን የሚያግዘው ቧንቧ፣ በዓይን ግምት ተቆርጧል። እኔም የመጀመሪያዬን ስሠራ «6 ሳንቲሜትር ይበቃዋል» ብዬ ቱቦውን ቆረጥኩት። ሳጥኑ 84 ሄርዝ (በሰከንድ 84 እርግብግቢት) ላይ ተቃኘ፤ ማለትም ቱቦው ከሁሉ በላይ የሚያግዘው እዚያች ኖታ ላይ ሆነ። ቤዝ ጊታሩ እዚያች ኖታ ላይ በደረሰ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ከእርሷ በታች ያሉት ኖታዎች ግን እንዳልተጫወቱ ሆኑ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። መጀመሪያ ስፒከሩ ይለካል፣ ከዚያ ሳጥኑ ይሰላል፣ መጋዝ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ምን ትጠብቃላችሁ?

ከሦስት ነገሮች ሁለቱን ብቻ መምረጥ ትችላላችሁ፦ ትንሽ ሳጥን፣ ወደ ታች የሚወርድ ቤዝ፣ በትንሽ ኃይል ከፍ ብሎ የሚጮኽ ድምፅ። እኛ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እንወስዳለን። ዋጋውም አለው፤ ይህ ሳጥን የሠርግ ድንኳን አይሞላም፣ ሳሎን ግን በደንብ ይሞላል።

እዚህ በምሳሌነት የምሠራው ስፒከር 10 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ ብቻውን የሚያወጣ ባለ 4 ኦም ነው። ሳጥኑ 5 ሊትር ሲሆን እስከ 60 ሄርዝ አካባቢ ይወርዳል። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር 41 ሄርዝ ላይ ነው፤ እዚያ አንደርስም። ሆኖም ያ ክር ሲመታ 82 ሄርዝም አብሮት ይወጣል፤ ጆሯችን ያንን ሰምቶ የጎደለውን ከታች ራሱ ይሞላዋል።

## ደረጃ 1፦ ስፒከሩን ምረጡ

አዲስ የምትገዙ ከሆነ የቴክኒክ መግለጫ ወረቀት ያለውን ግዙ። ወረቀቱ ላይ የምትፈልጉት ሦስት ቁጥሮችን ነው። ኤፍኤስ (Fs)፣ ማለትም ስፒከሩ ሳጥን ሳይገባ በራሱ የሚርገበገብበት ሄርዝ፤ ኪውቲኤስ (Qts)፣ ያ እርግብግቢት ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳይ ቁጥር፤ ቪኤኤስ (Vas)፣ የስፒከሩን የሚርገበገብ ክፍል የያዘው ተለጣጭ ማጠፊያ ከስንት ሊትር አየር ጋር እኩል እንደሚለጠጥ የሚናገር መጠን።

ከምናለሽ ተራም ሆነ ከአሮጌ ቴፕ የተፈታ ስፒከር ከሆነ መጀመሪያ ይህን አድርጉ፦

1. በስፒከሩ ወረቀት (ፊት ለፊት ባለው የሚርገበገብ ሾጣጣ ክፍል) ዙሪያ ያለውን ማጠፊያ በጣታችሁ ጫን አድርጉት። ጎማ ከሆነ መልካም። ስፖንጅ ሆኖ በጣታችሁ ላይ ከተፈረፈረ ተዉት።
2. ወረቀቱን በሁለት አውራ ጣት፣ ከሁለቱም በኩል እኩል፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። የመፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ጥቅልሉ ማግኔቱን እየነካ ነው፤ አይጠገንም።
3. በመልቲሜትር ኦሙን ለኩ። ባለ 4 ኦም ስፒከር ከ3 እስከ 4 መካከል ማሳየት አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ለመኪና በር የተሠራ ስፒከር ርካሽ ነውና ያጓጓል። አብዛኛው ግን ኪውቲኤሱ ከፍተኛ ነው፤ የተሠራው ለበሩ ክፍት ባዶ ቦታ እንጂ ለትንሽ ሳጥን አይደለም። በ5 ሊትር ውስጥ ስትዘጉት ቤዙ እንደ ባዶ በርሜል ይጮኻል።

## ደረጃ 2፦ ስፒከሩን ለኩ

የመግለጫ ወረቀት ቢኖረውም ለኩት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ደረጃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚከስረውም እዚሁ ነው።

የሚያስፈልገው፦ አንድ አምፕሊፋየር፣ 1,000 ኦም ሬዚስተር፣ 10 ኦም ሬዚስተር፣ በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ ሞገድ ማመንጫ መተግበሪያ፣ እና ኤሲ ሚሊቮልት የሚያነብ መልቲሜትር። የመጨረሻውን በደንብ አስተውሉ። በየሱቁ የሚገኘው ርካሹ ቢጫ መልቲሜትር ለኤሲ ያለው ዝቅተኛ መለኪያ 200 ቮልት ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ባለ 2 ቮልት ወይም ከዚያ ያነሰ የኤሲ መለኪያ ያለውን ተዋሱ።

1. ስፒከሩን ከጠረጴዛ አንስታችሁ ከአንድ ነገር ጋር አስራችሁ አንጠልጥሉት። በፊቱ ወይም በጀርባው ጠረጴዛ ላይ ካስተኛችሁት ቁጥሩ ይበላሻል።
2. የአምፕሊፋየሩን አንዱን መውጫ በ1,000 ኦሙ ሬዚስተር በኩል ወደ ስፒከሩ፣ ሌላውን በቀጥታ አገናኙ።
3. ስፒከሩን ለጊዜው በ10 ኦሙ ሬዚስተር ተኩት። 60 ሄርዝ ልቀቁና በ10 ኦሙ ጫፎች ላይ 50 ሚሊቮልት እስኪነበብ ድረስ ድምፁን አስተካክሉ። አሁን 5 ሚሊቮልት ማለት 1 ኦም ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የድምፅ መጠኑን አትንኩት።
4. ስፒከሩን መልሱ። ከ20 ሄርዝ ጀምራችሁ በ2 በ2 ሄርዝ ውጡ፤ ንባቡን ጻፉ። ቁጥሩ ይወጣል፣ ጫፍ ይነካል፣ ይወርዳል። ጫፉ ያለበት ሄርዝ ኤፍኤስ ነው። በእኔ ስፒከር 60 ሄርዝ ላይ 180 ሚሊቮልት፣ ማለትም 36 ኦም ሆነ።
5. በመልቲሜትሩ የለካችሁትን የዲሲ ኦም (የእኔ 3.6) በጫፉ ኦም አባዙና ስኩዌር ሩቱን አውጡ፦ 36 በ3.6 ሲባዛ 129.6፣ ስኩዌር ሩቱ 11.4 ኦም። ይህም 57 ሚሊቮልት ነው።
6. ከጫፉ ግራና ቀኝ 57 ሚሊቮልት የሚነበብባቸውን ሁለት ሄርዞች ፈልጉ። የእኔ 41 እና 88 ናቸው፤ ልዩነታቸው 47።
7. የጫፉን ኦም ለዲሲው ኦም አካፍሉ (36 ለ3.6፣ 10)፤ ስኩዌር ሩቱ 3.16። ኪውቲኤስ ማለት እንግዲህ 60 ሲካፈል ለ(47 × 3.16) ነው፤ 0.40።

ቁጥሩ ልክ መሆኑን ማረጋገጫ፦ ሁለቱን ሄርዞች አባዙና ስኩዌር ሩቱን አውጡ። 41 በ88 ሲባዛ 3,608፣ ስኩዌር ሩቱ 60። ከኤፍኤሱ ጋር ካልተገናኘ አንዱን ንባብ ተሳስታችኋል፤ ተራ 4ን ድገሙ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው በመካከል የተነካ የድምፅ መጠን ነው።

ለቪኤኤስ አየር የማያስወጣ ትንሽ የሙከራ ሳጥን ከቁርጥራጭ እንጨት ሠርታችሁ ስፒከሩን ግጠሙበት። የሳጥኑን ይዘት ለማወቅ ስንዴ በሊትር እየለካችሁ ሙሉት። የእኔ 3 ሊትር ነበር። ስፒከሩ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ጫፉን እንደገና ፈልጉ፤ ከ60 ወደ 104 ሄርዝ ወጣ። 104 ለ60 ሲካፈል 1.73፤ በራሱ ሲባዛ 3፤ 1 ሲቀነስ 2፤ በ3 ሊትር ሲባዛ 6 ሊትር። ቪኤኤስ ይህ ነው።

## ደረጃ 3፦ የሳጥኑን ዓይነትና መጠን ወስኑ

ውሳኔውን የሚሰጠው ኪውቲኤስ ነው። ከ0.3 እስከ 0.45 ከሆነ ቱቦ ያለው ሳጥን ሥሩ። ከ0.5 በላይ ከሆነ ቱቦውን እርሱትና ዝግ ሳጥን አድርጉት። ከ0.7 ካለፈ ለዚህ ሥራ አትልፉበት።

ቱቦ ላለው ሳጥን መነሻ የምትወስዱት ይህንን ነው፦

- ኪውቲኤስ 0.30፦ ሳጥኑ የቪኤኤስ 0.47 እጅ፣ ቅኝቱ የኤፍኤስ 1.24 እጅ
- 0.35፦ ሳጥኑ 0.74፣ ቅኝቱ 1.08
- 0.40፦ ሳጥኑ 1.08፣ ቅኝቱ 0.96
- 0.45፦ ሳጥኑ 1.52፣ ቅኝቱ 0.86

የእኔ 0.40 ስለሆነ 6.5 ሊትር በ58 ሄርዝ ይመጣል። መደርደሪያዬ ስለጠበበ ወደ 5 ሊትር አወረድኩት፤ ይህን ያህል ቅናሽ ጆሮ አይቆጥረውም። ወደ 3 ሊትር ብወርድ ግን ይቆጥረዋል። ያው ስፒከር በ5 ሊትር ዝግ ሳጥን ቢገባ ከ110 ሄርዝ አካባቢ ጀምሮ መድከም ይጀምራል፤ ቱቦው የሚጨምርላችሁ አንድ ኦክታቭ (ሄርዙ በግማሽ የሚወርድበት ርቀት) ሊሞላ ትንሽ የቀረውን ነው። ኮምፒውተር ያላችሁ ሦስቱን ቁጥሮች ዊንአይኤስዲ (WinISD) በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ አስገቡና ኩርባውን ራሳችሁ ተመልከቱ።

## ደረጃ 4፦ እንጨቱን ቁረጡ

15 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ጭረት ተጨምቆ የተሠራ ሳንቃ) ወይም ጥሩ ኮምፔንሳቶ ይሆናል። ቺፕውድ ጠርዙ ይፈረፈራል፤ ቪቴም አይዝም።

የውስጡ ስፋት 14፣ ቁመቱ 22፣ ጥልቀቱ 18 ሳንቲሜትር። ይህ 5.5 ሊትር ገደማ ነው። ስፒከሩ፣ ቱቦውና ማጠናከሪያው ግማሽ ሊትር ያህል ይበሉና 5 ይቀራል። ይህን ሂሳብ ሳይቀንሱ የሚቆርጡ ብዙ ናቸው።

ለአንድ ሳጥን፦ ፊትና ጀርባ 17 በ25 (ሁለት)፣ ላይና ታች 17 በ18 (ሁለት)፣ ጎኖች 22 በ18 (ሁለት)፣ ማጠናከሪያ 14 በ2 (አንድ)።

1. ቁርጡን የእንጨት ማሽን ላለው ቤት ስጡ። በእጅ መጋዝ ቀጥ ያለ ጠርዝ ማውጣት ይቻላል፤ እኔ ግን ችዬ አላውቅም።
2. ማዕዘን ከመግጠማችሁ በፊት ቀዳዳዎቹን ክፈቱ። የስፒከሩ ቀዳዳ ፊት ለፊት ከመሃል ትንሽ ከፍ ብሎ፤ የቱቦው ቀዳዳ በጀርባው ሳንቃ ታችኛው ክፍል። ቱቦውን ከፊት ካደረጋችሁት ከሳጥኑ ውስጥ የሚያፈተልክ የመሃል ድምፅ ቀጥታ ወደ ጆሯችሁ ይመጣል።
3. ኮላ በሁለቱም ጠርዝ ላይ ቀቡና በሞርሳ አጥብቁ። ኮላው ከመጋጠሚያው በትንሹ ካልፈሰሰ አንሷል። ማጠናከሪያውን በሁለቱ ጎኖች መካከል፣ ከስፒከሩ ማግኔት በታችና ቱቦውን በማይነካበት ቦታ ለጥፉ።
4. ሲደርቅ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ከውስጥ በሲሊኮን አስምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ስፒከሩን አትግጠሙ። ሲደርቅ የሚተነው ኮምጣጤ የሚሸት ጋዝ የስፒከሩን ብረትና ሽቦ ይበላል። ሙሉ 24 ሰዓት ሳጥኑ ክፍት ሆኖ ይደር። ኤምዲኤፍ ስትቆርጡና በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቁ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

## ደረጃ 5፦ ቱቦውን አስሉ፣ ግን ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡ

ባለ 40 ሚሊሜትር የፒቪሲ የውኃ ቱቦ ውሰዱ። 40 የውጪው ስፋት ነው፤ የውስጡን በካሊፐር ወይም በማስመሪያ ለኩ። የእኔ 3.6 ሳንቲሜትር ነው። ሂሳቡ የሚሠራው በውስጡ ስፋት ብቻ ነው።

የቱቦው ርዝመት በሳንቲሜትር እንዲህ ይወጣል፦

(23,562 × ስፋት × ስፋት) ÷ (ቅኝት × ቅኝት × ሊትር) − (0.73 × ስፋት)

በእኛ ቁጥሮች፦ 23,562 በ12.96 ሲባዛ 305,364። 58 በ58 በ5 ሲባዛ 16,820። ሲካፈል 18.1፤ 2.6 ሲቀነስ 15.5 ሳንቲሜትር። ርዝመቱ የሚቆጠረው ከጀርባው ሳንቃ ውጫዊ ፊት ጀምሮ ስለሆነ 1.5ቱ በሳንቃው ውፍረት ውስጥ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚገባው 14 ነው። ከፊተኛው ሳንቃ 4 ሳንቲሜትር ይርቃል። ይህ ርቀት ከቱቦው ስፋት ማነስ የለበትም፤ ካነሰ ቱቦው ይታፈናል።

የምትቆርጡት 17 ሳንቲሜትር ነው። የረዘመ ቱቦ ያጥራል፤ ያጠረ ግን አይረዝምም። የውስጡንም የውጪውንም አፍ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ የተሳለ ጠርዝ አየሩን ያፏጨዋል።

ቀጭን ቱቦ አጭር ሆኖ ስለሚበቃ ያታልላል። ባለ 2 ሳንቲሜትር ቱቦ በዝቅተኛ ድምፅ ደህና ይሠራል፤ ከፍ ስታደርጉት ግን «ፉፍ፣ ፉፍ» ማለት ይጀምራል።

## ደረጃ 6፦ ውስጡን ሸፍኑ፣ ስፒከሩን ግጠሙ

አሮጌ ትራስ ውስጥ ያለው የፖሊስተር ሙሊት ይበቃል። ግድግዳዎቹን 2 ሳንቲሜትር ያህል አልብሱ፤ መሃሉንና የቱቦውን አፍ ባዶ ተዉ። ዝግ ሳጥን የሠራችሁ ደግሞ ሙሉት።

ስፒከሩ ስር ቀጭን የስፖንጅ ቀለበት አንጥፉና ቪቴዎቹን በተቃራኒ ማዕዘን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። የገመዱን ቀዳዳ በሲሊኮን ድፈኑ፤ ይደርቅ ዘንድ ጊዜ ስጡት። ቱቦውን ግን ገና አትለጥፉት፤ በቴፕ ጠቅልላችሁ ጥብቅ ብሎ እንዲገባ አድርጉ።

አየር ማስወጣቱን ለማየት፦ የቱቦውን አፍ በጨርቅ በደንብ ድፈኑ፣ 40 ሄርዝ በመጠኑ ልቀቁ፣ የተለኮሰ ጧፍ በመጋጠሚያዎቹ ዳር ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ነበልባሉ የተርገበገበበት ቦታ ቀዳዳ አለው። ጧፉን ከስፒከሩ ወረቀትና ከሙሊቱ አርቁት።

## ደረጃ 7፦ ቃኙት

1. ጨርቁን አውጡ። ክፍሉን አጨልማችሁ በስፒከሩ ላይ ከጎን ባትሪ አብሩበት፤ እንቅስቃሴው በጥላው ጎልቶ ይታያል።
2. ከ80 ሄርዝ ጀምራችሁ በ1 በ1 ውረዱ። የወረቀቱ እንቅስቃሴ እያነሰ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ የቆመ ይመስላል። በዚያው ሰዓት እጃችሁን ከቱቦው ፊት ብታደርጉ አየሩ ይገፋችኋል። የሳጥኑ ቅኝት ይህ ሄርዝ ነው።
3. በ17 ሳንቲሜትር 56 ሄርዝ አካባቢ ታገኛላችሁ። በግማሽ ሳንቲሜትር እየቆረጣችሁ ድገሙ። እያንዳንዱ ቁራጭ ቅኝቱን ከ1 ሄርዝ ባነሰ ይገፋዋል፤ አትቸኩሉ።
4. 58 ላይ ሲደርስ ቱቦውን በኮላ ወይም በሲሊኮን አጽኑት።

ወረቀቱ የትም ካልቆመ ሳጥኑ አየር ያስወጣል፤ ወደ ጧፉ ተመለሱ። የቆመው ከ65 በላይ ከሆነ የሳጥኑ ይዘት ካሰባችሁት አንሷል፤ ረዘም ያለ ቱቦ ቁረጡ።

## ደረጃ 8፦ አምፕሊፋየርና መከላከያ

ባለ 19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር፣ 65 ዋት የሚሰጥ፣ ለአነስተኛ ዲጂታል አምፕሊፋየር ሰሌዳ ተስማሚ ነው፤ ሰሌዳው 19 ቮልት እንደሚችል ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የእነዚህን ሰሌዳዎች የስፒከር አሉታዊ መውጫ ከመሬት ወይም ከሌላው ቻናል ጋር አታገናኙ፤ ወዲያው ይቃጠላሉ።

አሁን ወደ ትልቁ አደጋ። ከ58 ሄርዝ በታች ቱቦው ስፒከሩን መያዝ ያቆማል፤ ወረቀቱ ልጓም እንደሌለው ፈረስ ይሆናል። በዚያ ላይ ደግሞ አንድ ስፒከር በግማሽ ሄርዝ ያንኑ ያህል እንዲጮኽ ከተፈለገ ወረቀቱ አራት እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። ስለዚህ ከ45 ሄርዝ በታች ያለውን ቀንሱት። በስልክ የምታጫውቱ ከሆነ በኢኳላይዘር የመጨረሻውን ዝቅተኛ መስመር ወደ ታች አውርዱ። በገመድ ከሆነ በአምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ ካፓሲተር በተከታታይ አስገቡ፤ መጠኑ በማይክሮፋራድ 159,000 ÷ (የመግቢያው ኦም × 45) ነው። መግቢያው 30,000 ኦም ከሆነ 0.12 ይበቃል። አንድ ካፓሲተር ቀስ ብሎ ነው የሚቀንሰው፤ ካለመኖሩ ግን እጅግ ይሻላል።

የ«ቤዝ» ማዞሪያውን አትንኩት። 6 ዴሲቤል መጨመር ማለት አራት እጥፍ ዋት መጠየቅ ነው።

## ደረጃ 9፦ ቦታ

ጀርባው ከግድግዳ ከ10 እስከ 20 ሳንቲሜትር ይራቅ። ግድግዳ ቤዝ ይጨምራል፤ ጥግ ደግሞ ያበዛዋል። ሙዚቃ ከፍታችሁ ሳጥኑን 5 በ5 ሳንቲሜትር እያንቀሳቀሳችሁ ከምትቀመጡበት ወንበር ላይ ስሙት። ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ መወሰን ዋጋ የለውም።

## ካልሠራ

ሁለት ስፒከር ሲከፈት ቤዙ ጠፋ፣ አንዱ ብቻውን ሲሆን መጣ። የአንደኛው ገመድ ተገልብጧል። ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ብታስነኩት የሁለቱም ወረቀት ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ አለበት።

አንድ ኖታ ላይ ብቻ ይጮኻል። ቅኝቱ ከፍ ብሏል፣ አለዚያም ክፍሉ ነው። ሳጥኑን ሌላ ክፍል ወስዳችሁ ሞክሩት፤ ኖታው ከተቀየረ ጥፋቱ የክፍሉ ነው። ካልተቀየረ ወደ ደረጃ 7 ተመለሱ። ቱቦውን ለመፈተን አንድ ካልሲ ውስጡ ወትፉ፤ ከተሻሻለ ረዘም ያለ ቱቦ ያስፈልገዋል።

ሲጫወት ይንጫጫል። 30 ሰከንድ ያህል ከ40 እስከ 200 ሄርዝ ቀስ እያላችሁ ውጡና በእጃችሁ አንድ በአንድ ያዙ፦ ገመዱን፣ ቪቴዎቹን፣ ቱቦውን። እኔ አንድ ጊዜ ሳጥኑን ሁለቴ ፈትቼ የሚንጫጫው ከላዩ ያስቀመጥኩት የሲኒ ረከቦት ሆኖ ተገኘ።

ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሆን ያጉረመርማል። ስልኩንና አምፕሊፋየሩን ከተለያየ ሶኬት አትሞክሩ፤ አይረዳም። ስልኩን ከቻርጀሩ ንቀሉት ወይም በብሉቱዝ አገናኙት።

ከወር በኋላ ቤዙ ትንሽ ለስለስ አለ። የአዲስ ስፒከር ማጠፊያ ሲፍታታ ኤፍኤሱ በጥቂት ሄርዝ ይወርዳል። አዲስ ስፒከር የገዛችሁ ከመለካታችሁ በፊት ጥቂት ሰዓት ሙዚቃ አጫውቱበት።